ግልጽ ደብዳቤ፦ በኦስሎ የማቅጠኛ እንክብልና ሻይ ለምትሸጡ ወገኖቼ

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

እኔ በዚሁ ከተማ በፋርማሲ ሥራ የምተዳደር፣ ቅዳሜ ግሮንላንድ ሰፈር ወርጄ እንደ እናንተው በርበሬና ሽሮ የምሸምት ሰው ነኝ። በዚህ ደብዳቤ የማንንም ስም አልጠራም፤ የማንንም የቴሌግራም ቡድን አልጠቁምም። አንድ ሰው ነጥሎ ማሳፈር ለማናችንም አይበጅም። የምናገረው ግን ለሁላችሁም ነውና እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ እንደተጻፈ አድርጋችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምጽፍላችሁ ስለምትሸጡት የማቅጠኛ ዕቃ ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ስለተባለው እንክብል፣ ሜታቦሊዝም ያፈጥናል ስለተባለው ዱቄት፣ በሳምንት ቦርጭ ያጠፋል ስለተባለው ሻይ። ከውጭ በሻንጣ ይመጣል፤ በክርስትናና በልደት ድግስ ላይ ከቦርሳ ወጥቶ ይታያል፤ ክፍያው በስልክ፣ በቪፕስ ይገባል፤ ዕቃው በማግስቱ የምድር ባቡር (ቲ-ባነ) ጣቢያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ደረሰኝ የለም። አወሳሰዱም ብዙ ጊዜ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል ብቻ ነው።

ገዢዎቻችሁ ለምን ወደ እናንተ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ ለማጽዳት የምትወጣ፣ ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናት ቋሚ ሐኪሟ፣ ማለትም ፋስትለገዋ ጋ የምታገኘው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቢሞላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋዋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ስኳሯ፣ ከመጨረሻ ልጇ በኋላ አልወርድ ስላለው ክብደቷ ትናገራለች። መልሱ «ቀነስ አድርገሽ ብዪ፣ ተንቀሳቀሺ» ይሆናል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ከእሷ ኑሮ ጋር ግን አይገጥምም። ከዚያ እናንተ ቤት ትመጣለች። ቡና ታፈሉላታላችሁ፤ ስለ ልጆቿ ትጠይቃላችሁ፤ ሰው ፊት «ምነው እንዲህ ወፈርሽ» ተብላ ያፈረችበትን ቀን ስታወራ ታዳምጣላችሁ። እንደዚያ አድርጎ ያዳመጣት ሰው በዚህ ከተማ ከእናንተ በቀር ላይኖር ይችላል። ይህን አላቃልለውም።

ስለ እናንተም አውቃለሁ። ከመካከላችሁ የአገር ቤት ዲግሪዋ እዚህ ተቀባይነት ያጣባት አለች፤ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ አለች፤ ለእናቷ መድኃኒት መግዣ በየወሩ የምትልክ አለች። ብዙዎቻችሁ የምትሸጡትን ራሳችሁም ትወስዳላችሁ፤ ለእህቶቻችሁም ትሰጣላችሁ። ይጠቅማል ብላችሁ ከልብ አምናችሁ ነው። ክፋታችሁን ፍለጋ አልተነሣሁም። የምጽፈው፣ ያላጣራችሁት እምነት የሚያርፈው በሌላ ሰው ጉበትና ልብ ላይ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ይስተካከል። «እዚህ አገር ያልተፈተሸ ነገር አይሸጥም» የሚለው ነገር በመካከላችን እንደ እውነት ይዞራል፤ እናንተም ስትሸጡ ትሉታላችሁ። ለመድኃኒት እውነት ነው፤ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የምግብ ማሟያ ግን በኖርዌይ ሕግ ምግብ ነው። የሚቆጣጠረው የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ ማትቲልሲኔት እያንዳንዱን እንክብል ከመሸጡ በፊት መርምሮ አያጸድቅም። ሕጉ ኃላፊነቱን የጣለው በአስመጪውና በሻጩ ላይ ነው። የሚሸጥ ሰው በምግብ ንግድ መመዝገብ አለበት። ማሸጊያው ላይ የያዘው ነገር በኖርዌይኛ ወይም በተቀራራቢ ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ በቀን ስንት እንደሚወሰድ፣ ከዚያ ማለፍ እንደማይገባ፣ ከሕፃናት መራቅ እንዳለበት መገለጽ አለበት። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ከቪታሚንና ከማዕድን ውጭ ያሉ ብዙ ንጥረ ነገሮች የሚፈቀዱት በዝርዝር ከሰፈሩና ከተወሰነላቸው መጠን ካላለፉ ብቻ ነው።

ከሻንጣ ወጥቶ በቪፕስ የሚሸጠው ዕቃ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላለፈም። በዕቃውና በገዢዋ አካል መካከል የቆማችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው። እሷ የምታምነው ካርቶኑን አይደለም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብም ላትችል ትችላለች። የምታምነው በልጇ ክርስትና ላይ አብራችኋት የጨፈራችሁትን እናንተን ነው። እናንተ ለዚህ ዕቃ ዋስ ገብታችኋል። ዋስ የገባ ሰው ባለዕዳው ሲጠፋ ምን እንደሚጠብቀው ለአበሻ አይነገርም።

እንግዲያው ዋስ የገባችሁለት ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«ተፈጥሯዊ ነው፤ ቅጠል ነው» ትላላችሁ። ቅጠል ብቻ ስለመሆኑ ግን ይህን ስሙ፦ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ነበር። አንጎል ውስጥ የጥጋብን ስሜት በሚያመጡት ኬሚካሎች ላይ ይሠራልና የምግብ ፍላጎትን በርግጥ ይቀንሳል። በሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት ተሽጧል። ኋላ ግን የልብና የደም ሥር ሕመም ወይም ስኳር ባለባቸው ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ አሳየ። በ2010 መጀመሪያ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እንዲታገድ አሳሰበ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከአሜሪካ ገበያም ወጣ። መድኃኒቱ ግን አልጠፋም። ቅጠልና አበባ የተሣለባቸው ካርቶኖች ውስጥ ገባ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2007 እስከ 2016 ድረስ በውስጣቸው ያልተገለጸ መድኃኒት አግኝቶ ያስጠነቀቀባቸው ማሟያዎች 776 ናቸው። ከእነዚህ 317ቱ የማቅጠኛ ዕቃዎች ነበሩ፤ ከማቅጠኛዎቹም ከአሥሩ ከስምንት በሚበልጡት ውስጥ የተገኘው ይኸው ሲቡትራሚን ነው። ማሸጊያቸው ላይ የተጻፈው ግን ዕፀዋት ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንዲት ገዢ ደውላ «እውነትም ይሠራል፤ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አላሰኘኝም» ስትላችሁ እናንተ ደስ ይላችኋል፤ እኔ የምደነግጠው ያኔ ነው። በእንዲህ ያለ ፍጥነት የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ተራ የሻይ ቅጠል አላውቅም። አፏ የሚደርቅ፣ እንቅልፍ የሚነሣት፣ ልቧ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይበረታል። የደም ግፊት ያለባት ከሆነች ደግሞ ፋስትለገዋ ግፊቷ ለምን አልወርድ እንዳለ ግራ ገብቶት መድኃኒቷን ይጨምርላታል፤ የእናንተን እንክብል አልነገረችውማ። ሕጉም እዚህ ላይ ርኅራኄ የለውም፦ ዕቃው መድኃኒት ከያዘ፣ አወቃችሁም አላወቃችሁም፣ ያለ ፈቃድ መድኃኒት አስመጥታችሁ ሸጣችኋል።

ቅጠል መሆኑ ብቻውንም ዋስትና አይደለም። ጫትም ቅጠል ነው፤ የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ የማያውቅ የለም፤ ኖርዌይ ግን ከአደንዛዥ ዕፆች ጋር ትከለክለዋለች። ኮሶም ከዛፍ የሚወርድ አበባ ነው፤ አያቶቻችን መጠኑ ሲያልፍ ሰውን እንዴት እንደሚጥል ስለሚያውቁ ለእርጉዝ አይሰጡም፣ ለሚጠጣውም ሰፍረው ነበር የሚያቀርቡት። አረንጓዴ ሻይን ውሰዱ። በስኒ የሚጠጣው ሰው አይስጋ። በእንክብል ተጨምቆ የሚመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ስለ ጉበት ጉዳት ሥጋታቸውን ካሰሙ በኋላ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ጉዳዩን መርምሮ በ2018 ውጤቱን አወጣ። በሻዩ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ዋናው በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መጎዳት ምልክቶችን ከፍ እንደሚያደርግ ገለጸ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ያንን መጠን ለገበያ ከለከለ። ከብዙ ካርቶኖች ላይ የማይጠፋው ጋርሲኒያ ካምቦጂያም በ1998 በታተመ ጥናት ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተፈትኖ ከባዶ እንክብል የተሻለ አላቀጠነም፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጉበታቸው የተጎዳ ተጠቃሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

አሁን ወደ ሜታቦሊዝም ልምጣ፤ እናቶችን የምትይዙበት ቃል እሱ ነውና። «ከወለድሽ በኋላ ሜታቦሊዝምሽ ተኝቷል፤ ይህ ይቀሰቅሰዋል» ትላላችሁ። በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አረጋዊ ድረስ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ወጥቷል። የሰውነት መጠን ከግምት ሲገባ ሰውነታችን የሚያቃጥለው ኃይል ከሃያ እስከ ስድሳ ዓመት ዕድሜ ድረስ ሳይወርድ እንደሚቆይ ነው ያሳየው። የሠላሳ አምስት ዓመቷ እናት የተኛ ነገር የላትም። እሷ ራሷም አትተኛም፤ ሌሊቱን በፈረቃ ነቅታ ቀኑን ልጆች ስታመላልስ ነው የምትውለው። በ2004 ቺካጎ ውስጥ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደርጎ በተለካ ጊዜ የረሃብ ሆርሞናቸው በ28 ከመቶ ጨምሮ፣ የጥጋብ ሆርሞናቸው በ18 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሌሊት ሠራተኞቻችንን ሁኔታ ግን ከማንኛውም የእንክብል ማስታወቂያ የተሻለ ያስረዳል። ረሃቧ የእንቅልፍ ዕዳ ሆኖ ሳለ እንቅልፍ የሚነሣ ካፌይን ስትሸጡላት ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ አስቡት።

ሜታቦሊዝምን በርግጥ ያፈጠነ ኬሚካል በታሪክ አለ፤ ስሙ ዳይናይትሮፌኖል ነው። በ1933 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ለማቅጠኛ አስተዋወቁት፤ ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋልና ክብደት ይጥላል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰዎች በዓይን ሞራ ታወሩ፤ ሙቀታቸው አልበርድ ብሎ የሞቱም ነበሩ። አሜሪካ በ1938 ለሰው መጠቀሚያነት ከለከለችው። እስከ ዛሬ ግን በኢንተርኔት ይሸጣል፤ በ2015 ኢንተርፖል ለአባል አገሮቹ ሁሉ ማስጠንቀቂያ አሰራጭቷል።

ካርቶኑ ላይ በሕጋዊ መንገድ «ለሜታቦሊዝም ድጋፍ» የሚል ካለ ደግሞ ከኋላው ብዙውን ጊዜ ክሮሚየም፣ ዚንክ ወይም ቢ ቪታሚን ነው ያለው። የአውሮፓ ሕግ እንዲባል የሚፈቅደው ለጤነኛው የሰውነት አሠራር አስተዋጽኦ አለው የሚለውን ብቻ ነው። ያቀጥናል ማለት ከዚያ አይወጣም። በዚህ ዓይነቱ አነጋገር የሚጫወቱት እናንተ ብቻ እንዳልሆናችሁም ልናገር፤ የኖርዌይ መደብሮች መደርደሪያም ውድ ዋጋ በተለጠፈባቸው እንዲህ ባሉ ዕቃዎች ሞልቷል።

ማስታወቂያችሁን በተመለከተ ግን አላልፋችሁም። በ2006 የወጣውና ኖርዌይም የተቀበለችው የአውሮፓ ደንብ፣ ምግብ ወይም ማሟያ በምን ያህል ጊዜ ምን ያህል ኪሎ እንደሚቀንስ መናገርን ይከለክላል። «በሳምንት አምስት ኪሎ» ሕገወጥ ነው። «ዶክተር እገሌ ይመክሩታል» ማለትም ሕገወጥ ነው። በአማርኛ መናገራችሁ ከሕጉ አያስጥላችሁም። «በፊት» እና «አሁን» እያላችሁ የምትለጥፉት ፎቶም ቢሆን፣ የሰውነት ቅርጽ ተነካክቶ ከሆነ፣ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ይህንኑ በግልጽ ምልክት ማሳየት ግዴታ ነው። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ነጭ ጋውን ለብሳችሁ፣ ወይም ለብሶ የተነሣ ሰው ፎቶ ወስዳችሁ የምትለጥፉት ነው። በሐኪም ላይ ያለን አክብሮት የወላጆቻችን ውርስ ነው፤ ለካርቶን መሸጫ አታውሉት።

በአውሮፓ ሕግ ክብደት ለመቀነስ ያግዛል ተብሎ እንዲነገርለት የተፈቀደ የማሟያ ንጥረ ነገር አለ፤ ከኮንጃክ ሥር የሚወጣው ግሉኮማናን የተባለ አሰር። የተፈቀደበት ሁኔታ በጣም ጠባብ ነው። በቀን ሦስት ግራም፣ ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ግራም፣ ከምግብ በፊት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጋር፤ ያውም ምግቧን ለምትቀንስ ሰው። ተልባ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚያብጥ ታውቃላችሁ፤ ይህም ሆድ ውስጥ አብጦ ነው የሚያጠግበው። ውሃው ካነሰ ደግሞ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል፤ ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያው እንዲጻፍ የተገደደውም ለዚህ ነው። አሁን በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ያልቀመሰች እናት ይህንኑ እንክብል በአንድ ጉንጭ ውሃ ስትውጠው ይታያችሁ። «በጾም ጊዜ ይበልጥ ይሠራል» ብላችሁ የምትሸጡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ጾም የነፍስ ሥራ ነው፤ የማቅጠኛ ማሻሻጫ ስታደርጉት ዝም ብዬ አላይም።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን «መድኃኒትሽን ለጊዜው ተዪው፤ ይህ ይተካዋል» የሚለውን ቃል ነው። ኢንሱሊን የምትወጋ ሰው የምግብ ፍላጎቷ ተዘግቶ ሳትበላ ብትቀር ስኳሯ በድንገት ወርዶ ራሷን ትስታለች። ኢንሱሊኑን ብትተው ደግሞ ሌላ ሞት አለ። የእንቅርት መድኃኒት የምትወስድ ሴት አሰር ያለበትን ዱቄት አብራ ከጠጣች መድኃኒቱ በሚገባ አይገባላትም። የቦርጭ ሻይ የምትሉት ብዙውን ጊዜ ሰናመኪ ነው፤ አንጀት ያጥባል፣ ውሃና ፖታሲየም ያስወጣል፣ ሚዛን ላይ የወረደው ኪሎ ውሃ ነው፤ ስብ አይደለም። ያ ተቅማጥ ሲበረታ የወሊድ መከላከያ ኪኒኗንም ይዞባት ሊወጣ ይችላል። ያልታሰበ እርግዝና ይመጣል፤ እሷም በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሳምንታት ሻዩን ስትጠጣ ትቆያለች።

ሰሞኑን ደግሞ የማቅጠኛ መርፌ መጥቷል። ሴማግሉታይድ እውነተኛ መድኃኒት ነው። በ2021 የታተመው ዋናው ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ የሰውነትን ክብደት በአማካይ ወደ 15 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ለማቅጠኛ የተዘጋጀው ዌጎቪ ከ2023 ጀምሮ በኖርዌይ በሐኪም ትእዛዝ ይገኛል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ርካሹ በሻንጣ ሲመጣ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ሐሰተኛ መርፌዎች እንደተገኙ አስጠንቅቋል፤ እውነተኛውም ቢሆን ከመጀመሩ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነው። ይህን በእጃችሁ አትንኩት። እዚህ ላይ የማደራድራችሁ ነገር የለም።

ማሟያ ሁሉ ይቅር አላልኩም። ኦስሎ ስድሳኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ፀሐይ ቆዳችን ቪታሚን ዲ እንዲያመርት አቅም የለውም፤ የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ በበጋውም ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ኖርዌጂያን አያቶች ለልጆቻቸው በማንኪያ የሚሰጡት የዓሣ ጉበት ዘይት (ትራን)፣ አምስት ሚሊሊትሩ አሥር ማይክሮግራም ቪታሚን ዲ ይዟል፤ በየሱፐርማርኬቱ አለ። እናቶቻችንን ስለ እሱ ብትመክሩ ምን ያህል ባመሰገንኳችሁ። ትርፍ ግን የለውም፤ አውቃለሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ። በኖርዌይኛ ወይም በተቀራራቢ ቋንቋ ዝርዝሩ ያልተጻፈበትን፣ አስመጪው ያልታወቀውን ዕቃ ከዛሬ ጀምሮ አትሽጡ፤ የቀራችሁንም ወደ ፋርማሲ አምጡት፣ መድኃኒት ሊሆን የሚችልን ነገር እንዲወገድ እንቀበላለን። ስትሸጡ ተመዝግባችሁ ሽጡ። ከመሸጣችሁ በፊት «መድኃኒት ትወስጃለሽ? እርጉዝ ነሽ? ታጠቢያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ገንዘቧን መልሳችሁ ወደ ሐኪሟ ስደዷት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለች ልጅ በምንም ምክንያት አትስጡ። የኒው ዮርክ ግዛት ከ2024 ጀምሮ ይህንኑ በሕግ ይከለክላል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት መስተዋት ፊት የሚደርስባቸው ይበቃቸዋል። እናቷ ብትልካትም፣ ለሠርግ ቬሎ ነው ብትላችሁም አይሆንም በሉ።

የማዳመጥ ስጦታችሁንም አትተዉት፤ ሌላ ነገር አስተምሩበት። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት አገልግሎቶች፣ ሆስፒታልና ፋስትለገም ጭምር፣ በሚያስፈልግ ጊዜ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ታካሚዋ አትከፍልም፤ ልጇን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። ቀጠሮ ስትይዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ይህን የማያውቁ እናቶች ስንት እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በየክፍለ ከተማውም (ቢደል) ፍሪስክሊቭሴንትራል የሚባል ማእከል አለ፤ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ እንቅልፍ በትንሽ ክፍያ ወይም በነጻ ያግዛል፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ራሷ ደውላ መመዝገብ ትችላለች። አብራችኋት ሂዱ።

ለማትቲልሲኔትም አንድ ቃል አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ የሚተረጉምላቸው ሰው አይጠፋም። ማስጠንቀቂያችሁን በአማርኛና በትግርኛ አውጡት፤ በቤተ ክርስቲያናችን፣ በመስጊዳችንና በማኅበሮቻችን በኩል አስነብቡት። በኖርዌይኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በቴሌግራም ወደሚገዙት እናቶች አይደርስም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ነው። ገዢያችሁ በሌሊት ደውላ «ልቤ ይመታል፣ ዓይኔ ብጫ ሆነ፣ ሽንቴ ጠቆረ፣ ራሴን አዞረኝ» ስትላችሁ «መርዙ እየወጣ ነው፤ ታገሺ፣ መጠኑን ጨምሪ» አትበሏት። ይህን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ የዓይን ብጫነትና የሽንት መጥቆር የጉበት ጩኸት ነው፤ የወጣ መርዝ የለም። ወዲያው ታቁም። የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ጊፍትኢንፎርማሾነን በ22 59 13 00 ቀንና ሌሊት ይመልሳል፤ ለአስቸኳይ ሐኪም 116117፣ ደረቷን ካመማት ወይም ራሷን ከሳተች 113 ነው። ካርቶኑን ይዛ ትሂድ። ካርቶን ከሌለው የሰጣችኋትን ነገር እናንተ ራሳችሁ ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱና ከየት እንደመጣ ተናገሩ። ቅጣት ብትፈሩም ሂዱ። በዚያ ሌሊት ሐኪሙ የሚያድናት ምን እንደወሰደች ካወቀ ነው፤ የምታውቁትም እናንተ ናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
በኦስሎ የምኖር ወገናችሁ